ሲስተር ሊና፣ መኪናዋና የሐዋሳ ወረፋ

ከሐዋሳ ከተመለስኩ ወዲህ የደብረ ብርሃን ጎረቤቶቼ የሚጠይቁኝ ስለ ሐይቁ ነው። አይቼዋለሁ። ትልቅ ነው፤ ጠዋት ጸጥ ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ይነፍስበታል። ከዚህ የበለጠ የምናገረው የለኝም። የመጀመሪያውን ሳምንት ያሳለፍኩት ሐይቅ ዳር ሳይሆን መሥሪያ ቤት ወንበር ላይ ነበር፤ ያውም በራሴ ጉዳይ ሳይሆን በሁለት የኖርዌይ ሰዎች ጉዳይ።

የሄድኩት አራስ ልጠይቅ ነው። የታላቅ እህቴ ልጅ መሠረት እዚያ አግብታ ትኖራለች። እናቷ በሕይወት ስለሌለች፣ ስትወልድ ከእናት ወገን ገንፎ የሚያገነፋላት ሰው እኔ ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህም «ሥራ አለብኝ» ብዬ የምቀርበት ምክንያት የለኝም።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ከደብረ ብርሃን በአውቶቡስ ተነሣሁ። ጭኔ ላይ ያስፈጨሁት የገብስ ዱቄት አለ። ረዳቱ «እማማ፣ ፖርቶመጋላ ላይ ይጫንልዎት» ቢለኝ እምቢ አልኩ። አዲስ አበባ ደርሼ ከቃሊቲ መናኸሪያ የሐዋሳውን አውቶቡስ ያዝኩ። ከሞጆ በኋላ አገሩ ዝቅ እያለ ሲሄድ እኔም ልብስ እያወለቅኩ ሄድኩ፤ መጀመሪያ ጋቢዬን፣ ቀጥሎ ሹራቤን። ዝዋይ ላይ ለምሳ ስንቆም ሰው ሁሉ አሳ አዘዘ፤ እኔም አዘዝኩ። እኛ አገር ሥጋ ሲበላ ሰው ያወራል። አሳ ሲበላ ግን ሁሉም ዝም ብሎ አጥንቱን ይፈልጋል።

ወደ አውቶቡሱ ስመለስ አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ የለበሱት ጥቁር የሙሉ ልብስ ሱሪ ነጭ ሆኖ አገኘሁት። የዱቄቴ ከረጢት ከጥግ ተቀዶ ኖሯል። ሰውዬው ሻሸመኔ ለሽምግልና የሚሄዱ ናቸው። መሬት ብትከፈት በገባሁ። እሳቸው ግን በጣታቸው ነክተው አሸተቱት።

«ገብስ ነው?»

«አዎ ጌታዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ለአራስ ነው።»

«ለአራስ ከሆነ ምንም አይደል» አሉና መሀረባቸውን አውጥተው የተቀደደውን ጥግ አሰሩልኝ። እስከ ሻሸመኔ ድረስ ሱሪያቸውን ያራገፍኩት እኔ ነኝ። መሀረቡን ሳልመልስላቸው ወረዱ።

ሐዋሳ የደረስኩት አመሻሽ ላይ ነው። የመሠረት ባል ዱካለ በባጃጅ ተቀበለኝ። የሲዳማ ልጅ ነው፤ አዲስ ከተማ በሚባለው የሐዋሳ ሰፈር የሕንፃ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ አለው። ቤታቸውም ከሱቁ ብዙ አይርቅም። እኛ ጋ በር የሚከፈተው ለመግባትና ለመውጣት ነው፤ ንፋሱ ሌላ አይፈቅድም። እዚያ ግን የሁሉም በር ተከፍቶ ይውላል፤ የጎረቤት ቴሌቪዥን ምን እንደሚል ከነመልሱ ይሰማል። ማታ ፍራሹ ላይ ብርድ ልብስ ስፈልግ ዱካለ «እትዬ፣ ያለው አንሶላ ብቻ ነው» አለኝ። እውነትም እሱም በዝቶብኝ አደረ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ የዱካለ እናት ቀድመውኝ መጥተዋል። በቅቤ የራሰ ቡርሳሜ ይዘው ነበር፤ ቡርሳሜ ከቆጮ የሚሠራ የሲዳማ ምግብ ነው። እሳቸው አማርኛ ብዙ አይችሉም፣ እኔ ሲዳምኛ ጨርሶ አልችልም። ገንፎዬንና ቡርሳሜያቸውን አራሷ ፊት ጎን ለጎን አስቀምጠን ማንኛውን አስቀድማ እንደምትበላ ጠበቅን። መሠረት ብልህ ናት፤ ከሁለቱም በአንድ ጊዜ ጎረሰች።

ከሰዓት በኋላ ሁለት ፈረንጆች መጡ። መሠረት የምትሠራው እነሱ ጋ ነው። ሲስተር ሊና ነርስ ናት፤ ባሏ ኤሪክ መምህር ነበር። ሚስዮናውያን ሆነው ወደ ደቡብ የመጡት ገና ወጣት ሳሉ ነው፤ አሁን ሁለቱም ሸምግለዋል። ኤሪክ ረጅምና ዝምተኛ ነው፤ ዓይኑ ስለደከመ መኪና አይነዳም። የምትነዳው ሊና ናት። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከቡሹሎ ወዲያ ባሉት መንደሮች ነፍሰ ጡሮችን እየዞረች ታያለች፤ ምጥ የጠናባትንም በዚያች አሮጌ ላንድክሩዘር ሆስፒታል ታደርሳለች።

ልጁን አቅፋ ከመሠረት ጋር ስታወራ፣ የወረቀት ጉዳይ እንዳስጨነቃቸው ገባኝ። የመኖሪያ ፈቃዳቸው የሚያበቃው በዚያው ሳምንት ዓርብ ነው። ይህን ሁሉ ስትጨርስላቸው የኖረችው መሠረት ነበረች፤ አሁን ግን አራስ ናት።

«እትዬ አሰለፈች ይሂዱላችሁ» አለች መሠረት ድንገት። «መንገድ ትራንስፖርት ነው የሠሩት። ዕድሜያቸውን ሙሉ የመኪና ፋይል ይዘው።»

«የደብረ ብርሃን ፋይል ነው» አልኩ።

«ፋይል ፋይል ነው» አለች። አራስ ምን ይባላል?

ሰኞ ከሁለቱ ጋር ወደ መኖሪያ ፈቃድ ቢሮው ሄድን። በእኔ ጊዜ ባለጉዳይ የሚያየን በትንሽ መስኮት ነበር፤ ንፋስ እንዳይገባ እያልን ስለምናጠብበው አገጫችንን ብቻ ነበር የሚያየው። እዚህ ሰፊ አዳራሽ፣ የፕላስቲክ ወንበር፣ ጣራ ላይ የሚሽከረከር ማራገቢያ አለ፤ ተራም በድምፅ ማጉያ ይጠራል። ወንበሩ ላይ ሱዳናዊ ተማሪ፣ ህንዳዊ መምህርና ከፋብሪካ የመጡ ቻይናውያን ተደርድረዋል። ሁላችንም አፍ ከፍተን የምናየው ያንኑ ማራገቢያ ነው።

ተራችን ሲደርስ ጉዳዩን የያዘችው ወይዘሮ ወረቀቶቹን በትሕትና አገላበጠች። «ሁሉም ተሟልቷል። የቀረው የመኪናው ነው» አለች። መኪናዋ ከቀረጥ ነፃ የገባች ስለሆነች፣ በሕግ መያዟን የሚያሳይ የዘመኑ ቦሎ መቅረብ አለበት። ቦሎ የሚባለው መኪና በየዓመቱ ተመርምሮ መስታወቱ ላይ የሚለጠፍለት ወረቀት ነው። የሊና ደግሞ ጊዜው አልፏል።

ማክሰኞ ቦሎውን ልናሳድስ ሄድን። መኪናዋ እንደሆነች ፍሬኗም መብራቷም ደህና ነው። እዚያ ያለው ሠራተኛ ግን «የባለንብረቱ የመኖሪያ ፈቃድ ሊያበቃ ነው። ፈቃዱን አሳድሳችሁ ኑ» አለ።

«ፈቃዱን ለማሳደስ እኮ ቦሎውን አምጡ ተብለናል» አልኩት።

«እማማ፣ እኔ የማየው ይሄን ኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተሩ እምቢ ካለ እኔ ምን አደርጋለሁ?»

እኛ ጋ ፋይል እምቢ አይልም ነበር፤ እምቢ የሚለው ሰው ነው፣ ሰው ደግሞ ይለመናል። የድሮ ሥራዬን ጠቅሼ ልናገር ስጀምር፣ ልጁ በአክብሮት ብድግ ብሎ ወንበር ሰጠኝ። ወንበሩን አገኘሁ፤ ቦሎውን አላገኘሁም። በሁለቱ ቢሮዎች መካከል ሁለት ጊዜ ተመላለስን። ማንም አልተቆጣንም። በመጨረሻ ወይዘሮዋ «ጉዳዩን ለኃላፊያችን አቀርበዋለሁ፤ ሐሙስ ኑ» ብላ አሰናበተችን።

መንገድ ላይ ኤሪክ ወረቀቶቹን የያዘበትን ፌስታል ጉልበቱ ላይ አስተካክሎ በቀስታ ተናገረ። «ወይዘሮ አሰለፈች፣ እኔ ኖርዌይ ውስጥ ቤት የለኝም። ወንድሜ ሸጦታል። ዓርብ ካለፈ ወዴት እንደምንሄድ አላውቅም።» ከዚያ በፊት እንደ ጨዋታ ነበር የያዝኩት። ከዚያ በኋላ ግን እንደዚያ ሆኖ አልታየኝም።

ረቡዕ ሊና ምሳ ጋበዘችኝ። ቤታቸው ትንሽ ነው፤ ግቢው ውስጥ አቮካዶ አለ። ድንችና ቀይ ሥር አቅርባ፣ ከመቀመጧ በፊት «ረቡዕ መሆኑን አውቃለሁ፤ ዘይት እንጂ ቅቤ አልነካውም። ድስቱም የእናንተው የጾም ድስት ነው፤ ለመሠረት ብዬ የገዛሁት» አለች። እኔ ለእሷ የፋሲካ ምግብ ብሠራ ድስት የምለይላት አይመስለኝም።

ገና ሳንጨርስ ስልክ ተደወለ። ሊና በሲዳምኛ አጭር አጭር ጥያቄ ጠየቀች። ስልኩን ስትዘጋ ፊቷ ተለወጠ። ከቡሹሎ ወዲያ ያለች ሴት ምጧ ከሌሊት ጀምሮ ጠንቶባታል፤ አምቡላንሱ ሌላ ታማሚ ይዞ ራቅ ወዳለ ሄዷል።

ኤሪክ በቋንቋቸው አንድ ነገር አላት። ቃሉን ባላውቀውም «ቦሎ» የሚለውን ሰማሁ። እሷም መለሰችለት። እሱ ቁልፉን ከሚስማሩ ላይ አወረደና ራሱ ሰጣት። እኔ ነጠላዬን አንሥቼ ተከተልኳት፤ እንድከተላት የጠራኝ የለም።

መንደሩ በእንሰት መካከል ነው። ሴትየዋን አማቷና የባሏ እህት ደግፈው ወደ መንገድ አውጥተዋት ነበር። ሦስቱም ከኋላ ገቡ፣ እኔ ከፊት ከሊና ጎን ተቀመጥኩ። ሊና ስትነዳ ትዘምራለች፤ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ በሲዳምኛ። ከኋላ የሚሰማው ሌላ ድምፅ ነበር፤ እሱን አልጽፈውም። ወልዳ የምታውቅ ታውቀዋለች።

ከተማ ገብተን አደባባይ ስንደርስ ወጣት ትራፊክ ፖሊስ በነጭ ጓንት አስቆመን። መስታወቱን አየ።

«ሲስተር፣ ቦሎው አልፏል እኮ።»

«አውቃለሁ። ከኋላ ምጥ ላይ ያለች ሴት አለች።»

ፖሊሱ ወደ ኋላ ዞሮ በመስኮት ተመለከተ። ወዲያው ተመልሶ እጁን አወዛወዘ። «ሂዱ! ሂዱ! ስትመለሱ ግን እዚሁ ቁሙ፤ እፈልጋችኋለሁ!» አለና ፊሽካውን እየነፋ ባጃጆቹን ከፊታችን በተናቸው።

ሆስፒታል ደርሰን ብዙም ሳይቆይ ወለደች። ሴት ልጅ ናት፤ እናቲቱም ደህና ነች። አማቷ የሊናን ሁለት እጆች ይዘው ረጅም ነገር ተናገሩ። ሊና በሲዳምኛ «ኬሬ፣ ኬሬ»፣ ሰላም ነው፣ እያለች አገጫቸውን ሳመች።

ስንወጣ ጥበቃው ወሬውን ሰምቶ ኖሮ «በሐይቁ በኩል ሂዱ፤ በዚያ ትራፊክ የለም» አለን። እውነቱን ለመናገር እኔም በሐይቁ በኩል በሄድን ባይ ነበርኩ። ዓርብ እንዳለ አውቃለሁ፤ ቅጣት የተጻፈበት ሰው ፈቃድ እንዳይከለከል ፈርቻለሁ።

«ሲስተር፣ ሰውዬው የመከረን ጥሩ ነው» አልኳት።

«ቁሙ ብሎናል» አለች።

«ያኔ ሌላ ምን ይበል? የሚያስበው እንደማይመለሱ ነው።»

«እሱ ያሰበውን አላውቅም። የነገረኝ ግን ቁሚ ብሎ ነው፤ ያን ብሎ ነው ያሳለፈኝ።»

በመጣንበት ተመለስን። ፖሊሱ ተረኛው መጥቶለት ጓንቱን እያወለቀ ነበር። ከፊቱ ስንቆም መጀመሪያ ያወቀንም አልመሰለኝ።

«ወለደች?»

«ሴት።»

«እንኳን ማርያም ማረቻት» አለ። ከዚያ አንገቱን አከከ። «ሲስተር፣ ባትመለሱ ኖሮ… አሁን ታርጋውን መፍታት አለብኝ። ሥራዬ ነው።»

«ፍታው» አለች ሊና።

ሊፈታ ጎንበስ ቢል ብሎኑ ዝጓል። መፍቻው ደጋግሞ ሾለከበት። ሊና ከመቀመጫዋ ሥር የራሷን መፍቻ አውጥታ ሰጠችው፤ ቀጥሎም «አያያዙ እንዲህ አይደለም» ብላ ራሷ ፈታችው። የራሷን ታርጋ ፈትታ በእጁ አስቀመጠችለት። ፖሊሱ ወረቀቱን ሲጽፍ ቀና ብሎ አላያትም። «ቀጥታ ወደ ቤት ይሂዱ፤ ሌላ ቦታ እንዳይቆሙ» ብቻ አለ። ደብረ ብርሃን ይህን ባወራው የሚያምነኝ አንድ ሰው የለም።

ሐሙስ በባጃጅ ሄድን። ወይዘሮዋ ወደ ኃላፊዋ ክፍል አስገባችን። ኃላፊው ጸጉራቸው የሸበተ፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ታርጋው የት እንዳለ ጠየቁ፤ ሊና ሳታሳምር ነገረቻቸው።

«ተመልሰው ቆሙ?» አሉ።

«ቁሚ ብሎኛል።»

ኃላፊው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ከዚያ ነገሩን እንዳለ አስረዱን። መኪናዋ ከቀረጥ ነፃ የገባችው ለአንድ የጤና ፕሮጀክት ነው። ፕሮጀክቱ አብቅቷል። ስለዚህ ከዚህ በኋላ በግለሰብ እጅ ልትቆይ አትችልም፤ ለመንግሥት የጤና ተቋም መተላለፍ አለባት። እሷ ከተላለፈች የመኖሪያ ፈቃዱን የሚያግደው ምንም ነገር የለም። ካልተላለፈች ግን እሳቸውም ሊፈርሙ አይችሉም።

ሊና ብድግ አለች። «ያለ መኪና እዚህ ቁጭ ብዬ ምን ልሠራ ነው? ትናንት ብቀር ያች ሴት ምን ትሆን ነበር?»

ኤሪክ ክንዷን ይዞ ወደ ውጭ ወሰዳት። ደረጃው ላይ ቆመው በቋንቋቸው ተነጋገሩ፤ እሷ በእጇ፣ እሱ በትከሻው። ባልና ሚስት ሲጨቃጨቁ ቋንቋ ማወቅ አያስፈልግም። እሱ መኖሪያውን፣ እሷ መኪናዋን ነው የምትለው። ኋላ ኤሪክ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ሊና አየችውና ቆየች። ከዚያ ወደ እኔ መጣች።

«እትዬ፣ እርስዎ ቢሆኑስ?»

ምክር የሚጠብቅ ፊት ነበር። «እኔ መኪና ኖሮኝ አያውቅም» አልኳት። «ኤሪክን ግን እይው እስቲ።»

«አንቺ» ያልኳት ሳላስበው ነው። ዞራ አየችው። ዝናብ ሲጠብቅ የዋለ ገበሬ ይመስል ወረቀቱን አቅፎ ተቀምጧል። ሊና ጸጉሯን ወደ ኋላ አሰረችና ብቻዋን ወደ ክፍሉ ተመለሰች። እኔም በሩ ላይ ደረስኩ።

«መኪናው የሚሄደው የት ነው?» አለች።

«ለጤና ጽሕፈት ቤቱ ነው፤ ምደባው የእነሱ ነው» አሉ ኃላፊው።

«ከቡሹሎ ወዲያ ላለችው ጤና ጣቢያ ይመደብ። አምቡላንሱ አንድ ብቻ ነው። ይህን ከጠየቃችሁልኝ እፈርማለሁ።»

ኃላፊው ስልክ አነሡ። ብዙ ቆዩ፤ ሌላ ቦታ ደወሉ፣ ዳግም ደወሉ። በመጨረሻ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሊና ፈረመች። ብዕሩን መልሳ ከቢሮው ስትወጣ በሩ የት እንዳለ የጠፋት መስላ ግድግዳውን ዳሰሰች።

ዓርብ ሁሉም ነገር ባልጠበቅነው ፍጥነት ሄደ። ርክክቡ ተፈረመ፣ ታርጋውም ተመለሰ። ከምሳ በፊት የሁለቱም ፈቃድ ታድሶ በእጃቸው ገባ። ኤሪክ ማኅተሙን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ደጋግሞ አየው። ከዚያ ከኪሱ ከረሜላ አወጣና ለወይዘሮዋ፣ ለእኔ፣ ለጥበቃው አደለ። ቀጥሎ ወደ ቤቱ ሄደ፤ መኪናዋ ስትሄድ ማየት አልፈለገም መሰለኝ።

ከሰዓት በኋላ ሊና እስከ ጤና ጣቢያው ነዳቻት፤ እኔም አብሬያት ነበርኩ። በዚያን ቀን አልዘመረችም። ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ነርሶቹ ወጥተው ተሰልፈው ቆመዋል። መኪናዋን የሚረከበው ታምራት የሚባል ሾፌር ነው፤ ከባድ መኪና ሲነዳ የኖረ ጎልማሳ።

«ሁለተኛ ማርሽ ወዲያው አይገባም፤ ትንሽ ጠብቀው» አለችው። «የኋላው በር ሲዘጋ ወደ ላይ ከፍ ይደረጋል። ዝናብ ከዘነበ በትምህርት ቤቱ በኩል አትሂድ።»

«እሺ ሲስተር።»

«ማታ ከጠሩህ ትነሣለህ?»

«እነሣለሁ።»

ቁልፉን ሰጠችው። ታምራት ተቀብሎ «ታዲያ በምን ልትሄዱ ነው? ግቡ፣ ወደ ቤት ላድርሳችሁ» አለ። ሊና እንደ ልማዷ ወደ መሪው በር ሄደች፤ እሱ ገብቶ ተቀምጧል። ከጎኑ ደግሞ ወደ ከተማ የሚሄደው የጤና ጣቢያው ንብረት ክፍል ሠራተኛ አለ። ስለዚህ ሁለታችን ከኋላ ገባን፤ ሴቶቹ በሚጫኑበት፣ በረጅሙ አግዳሚ ላይ።

የጥርጊያውን መንገድ እንደ ጀመርን የመጀመሪያው ጉድጓድ ከመቀመጫው አንሥቶ መለሰን። ሁለተኛው ትከሻዬን ከብረቱ ጋር አጋጨው። በሦስተኛው ሊና ጣራውን በእጇ ደገፈችና ዓይኗን አፍጥጣ አየችኝ።

«እንዲህ ነው እንዴ የሚንጠው?»

«እኔም አሁን ነው የገባሁበት» አልኳት።

«ያን ሁሉ ሴት…» አለችና አቋረጠች። አግዳሚውን በመዳፏ ዳሰሰችው። «አንዳቸውም አልነገሩኝም። አንዳቸውም!»

ከዚያ ወደ ፊት ተስባ የታምራትን ትከሻ ነካ አደረገች። «ታምራት፣ ቀስ በል። እዚህ ኋላ ሰው አለ።»

እሱም ቀስ አለ። እስከ አዲስ ከተማ ድረስ ባጃጁ ሁሉ ቀደመን።